ከኤክስሬይና ከሲቲ ስካን ክፍል የሚወጡ ኬሚካሎች ከሆስፒታል ፍሳሽ እንዳይቀላቀሉ የማድረጊያ መመሪያ

በወሎ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የራዲዮሎጂና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የኤክስሬይ ፊልም ያጠብንበትን ፈሳሽና ለሲቲ ስካን የምንሰጠውን ኮንትራስት ከፍሳሻችን ውስጥ በምን እናውጣው?» ኮንትራስት ማለት ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ ለታካሚው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከፊሉን ነግሬ ከፊሉን ከምረሳ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ጽፌዋለሁ።

የመልሱን ዋና ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። እነዚህ ኬሚካሎች ከልብስ ማጠቢያው፣ ከወጥ ቤቱና ከመጸዳጃው ውሃ ጋር አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ በእጃችን ባለው መሣሪያ መልሶ መለየት አይቻልም። ሊያዙ የሚችሉት ገና ከመነሻቸው፣ ማለትም ከፊልም ማጠቢያው ገንዳና ከታካሚው ሽንት ላይ፣ ብዛታቸው ጥቂት ሊትር ሳለ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ፈሳሹ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት የሚሠሩ ናቸው። የቦርከና ወንዝ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ በዳርቻው አትክልት ይለማበታል፣ ከብትም ይጠጣዋል። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

የሚያዙት ፈሳሾች ምንና ምን ናቸው?

ያገለገለ ፊክሰር፣ ማለትም በፊልሙ ላይ የወጣውን ምስል የሚያጸናው ፈሳሽ፣ ከሁሉም ይቀድማል። ከፊልሙ ላይ የታጠበው ብር የሚገኘው በእሱ ውስጥ ነውና፤ ብር ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው። በአንድ ሊትር ያገለገለ ፊክሰር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ግራም ብር ይገኛል። ብር ረቂቅ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ስለዚህ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ሲገባ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል።

ዴቨሎፐር በፊልሙ ላይ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ ነው፤ ሃይድሮኪኖን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር አለበት፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ ነው) ወደ 10 ይጠጋል።

ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጡት ኮንትራስቶች፣ ለምሳሌ አዮሄክሶል፣ አዮፓሚዶልና አዮፕሮማይድ፣ አዮዲን የተሸከሙ ናቸው። ሰውነት አይለውጣቸውም፤ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን እንደገባ በሽንቱ ያስወጣዋል። በውሃ እጅግ የሚሟሙ ስለሆኑ በዝቃጭ ላይ አይያዙም፣ ባክቴሪያም በቀላሉ አይሰብራቸውም። በሚሊ ሊትር 300 ሚሊ ግራም አዮዲን ካለው ኮንትራስት 100 ሚሊ ሊትር የወሰደ አንድ ታካሚ 30 ግራም አዮዲን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል ማለት ነው። ለኤምአርአይ የሚሰጠው የጋዶሊኒየም ኮንትራስትም መጠኑ ያንሳል እንጂ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለፊክሰሩ፦
- 20 ሊትር የሚይዙ ክዳን ያላቸው ሦስት የፕላስቲክ ባልዲዎች
- ከ3 እስከ 4 ኪሎ ስቲል ዉል፣ ማለትም ከተራ ብረት የተሠራ ቀጭን የብረት ክር
- ግማሽ ኢንች የፒቪሲ ቱቦና መገጣጠሚያዎቹ፣ ቴፍሎንና ሲሊኮን ማሸጊያ
- ግሉኮስ የሚሰጥበት ቱቦ ከነመቆጣጠሪያው (ያልተጠቀሙበት)
- የፒኤች ወረቀት፣ የብር መጠን መለኪያ ወረቀት፣ መለኪያ ሲሊንደር
- አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ

ለሽንቱና ለማትነኛው (የፈሳሹ ውሃ ተንኖ እንዲሄድ ለሚደረግበት ገንዳ)፦
- ክዳናቸው የሚገጥም ባለ 2 ሊትር ሰፊ አፍ የፕላስቲክ ዕቃዎች
- 20 ሊትር ጀሪካኖችና ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች
- ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ጂኦሜምብሬን
- ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮና የወንፊት ሽቦ

ለራስዎ፦ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ቦት ጫማ፣ በአቅራቢያ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚፈስ ንጹሕ ውሃ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚነበቡ ማስጠንቀቂያዎች

በፊክሰር ላይ በረኪና በፍጹም አይጨምሩ። የሚወጡት የክሎሪንና የክሎራሚን ጋዞች ሳንባን ያቃጥላሉ። ከዓመታት በፊት እኔ በነበርኩበት አንድ ሆስፒታል፣ የፊልም ማጠቢያውን ክፍል የምታጸዳ እኅታችን ሽታውን ለማጥፋት ብላ ፊክሰር ባለበት ባልዲ ላይ በረኪና ጨምራ ትንፋሽ አጥሯት ድንገተኛ ክፍል ገብታለች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ በባልዲው ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ማንም አልነገራትም። ስለዚህ ይህን መመሪያ ለጽዳት ሠራተኞች በቃል ያስረዱ፤ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም።

ፊክሰርና ዴቨሎፐርን አይቀላቅሉ፤ አሞኒያ ይወጣል። በፊክሰር ላይ ጠንካራ አሲድ ወይም ሰልፋይድ አይጨምሩ፤ የመጀመሪያው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ሁለተኛው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ያስወጣል። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ደረጃዎች

1. እያንዳንዱን ፈሳሽ በየራሱ ዕቃ ያስቀምጡ። «ያገለገለ ፊክሰር»፣ «ያገለገለ ዴቨሎፐር»፣ «ትርፍ ኮንትራስት»፣ «የኮንትራስት ሽንት» የሚሉ አራት ጽሑፎችን በማይለቅ ቀለም በትልቁ ይጻፉ። ማንበብ ለማይችል ሰውም እንዲለይ የክዳናቸውን ቀለም የተለያየ ያድርጉ። ከመቀላቀል የሚመጣው ጋዝ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ዴቨሎፐር የገባበት ፊክሰር ፒኤቹ ስለሚጨምር ብሩን በብረት ማውጣት ያቅትዎታል። አውቶማቲክ ማጠቢያ ካላችሁ ሁለቱ የመውጫ ቱቦዎች መሬት ሳይደርሱ በአንድ ላይ ተገጥመው እንዳይሆን ይመልከቱ፤ ብዙ ቦታ እንዲህ ሆኖ ነው የሚገኘው።

2. ፊልሙ ፊክሰሩን ይዞ እንዳይወጣ ያድርጉ። በእጅ የምታጥቡ ከሆነ ፊልሙን ከፊክሰሩ ሲያወጡ በገንዳው ላይ አንጠልጥለው ለ10 ሰከንድ ያህል ያንጠባጥቡት። ከዚያ በቀጥታ ወደሚፈስ ውሃ አያስገቡት፤ በመካከል የቆመ ውሃ ያለበት አንድ ትሪ ያስቀምጡና መጀመሪያ እዚያ ይንከሩት። ከፊልሙ ጋር የሚወጣው ብር አብዛኛው በዚህ ትሪ ውስጥ ይቀራል። የትሪው ውሃ ሲደፈርስ ካገለገለው ፊክሰር ጋር ይጨምሩት።

3. የብር ማስቀሪያ ባልዲዎቹን ይሥሩ። አሠራሩ የተመሠረተው ብረት ከብር ይልቅ በቀላሉ በመሟሟቱ ላይ ነው። ብር የያዘ ፊክሰር በብረት ክር መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ብረቱ ይሟሟል፤ ብሩ ደግሞ ከፈሳሹ ወጥቶ እንደ ጥቁር ዝቃጭ ይቀራል።

በቅድሚያ የገዙት ስቲል ዉል እውነተኛ ብረት መሆኑን ያረጋግጡ። በየገበያው ለድስት መፈግፈጊያ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ሽቦ ብዙውን ጊዜ የማይዝግ ብረት ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በማግኔት መፈተን አይበቃም፤ የማይዝግ ሆኖ ማግኔት የሚስበው ዓይነትም አለ። ከሽቦው ቁራጭ ወስደው በጨውና በአቼቶ ውሃ አርጥበው ለአንድ ሌሊት አየር ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ከዛገ ይሆናል፤ ካልዛገ ይመልሱት።

ትክክለኛውን ካገኙ በኋላ የፋብሪካ ቅባቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥቡት፤ ቅባት ካለበት ፈሳሹ ብረቱን አይነካውም። ከዚያ በሁለቱ ባልዲዎች ውስጥ በእያንዳንዳቸው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሚሆነውን በንጣፍ በንጣፍ እያጠላለፉ ያስገቡ። አጥብቀው አይጠቅጥቁት፤ ከተጠቀጠቀ ፈሳሹ አንዲት ቀዳዳ ፈልጎ በዚያች ብቻ ያልፍና ቀሪው ብረት ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

በባልዲው መካከል እስከ ወለሉ የሚደርስ የፒቪሲ ቱቦ ያቁሙ፤ ፈሳሹ በእሱ ወርዶ ከታች ወደ ላይ በብረቱ መካከል ይወጣል። መውጫ ቀዳዳውን ከባልዲው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይብሱት። መውጫው ከላይ መሆኑ ብረቱ ሁልጊዜ በፈሳሽ ተሸፍኖ እንዲቆይ ያደርጋል። እርጥብ ሆኖ አየር ያገኘ ስቲል ዉል ይዝጋል፣ ይግላልም፤ ስለዚህ ባልዲውን ከሞሉ በኋላ ባዶውን አያሳድሩት። የመጀመሪያው ባልዲ መውጫ ወደ ሁለተኛው ባልዲ የመካከል ቱቦ፣ የሁለተኛው መውጫ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ባዶ ባልዲ እንዲፈስ በደረጃ ከፍና ዝቅ አድርገው ያስቀምጧቸው። ከነሐስ ወይም ከመዳብ የተሠራ መክፈቻ አይጠቀሙ፤ ፊክሰሩ ይበላዋል። ክዳኑን አያሽጉት፤ አሲድ ብረትን ሲነካ ጥቂት ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ቀዳዳ ይተዉለት፤ አጠገቡም እሳትና ሲጋራ አይኑር።

4. የፊክሰሩን ፒኤች ይለኩ። የሚፈለገው ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ከ4 በታች ከሆነ አሲዱ ብረቱን ያለ ጥቅም ይጨርሰዋል፤ ከ6.5 በላይ ከሆነ ብሩ ሳይወጣ ያልፋል። ዝቅ ካለ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ እየጨመሩ ያማስሉ፤ ስለሚኩረፈረፍ ዕቃው ሙሉ አይሁን። ከፍ ካለ አቼቶ በጥቂቱ ይጨምሩ። የባትሪ አሲድ በምንም ምክንያት አይጠቀሙ።

5. ፍጥነቱን ያስተካክሉ። የፊክሰሩን ጀሪካን ከባልዲዎቹ በላይ በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጡና ፈሳሹን በግሉኮስ ቱቦ ወደ መጀመሪያው ባልዲ ያንጠባጥቡት። መቆጣጠሪያውን እያዞሩ በመለኪያ ሲሊንደር በአንድ ደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር እስኪወርድ ያስተካክሉ። በዚህ ፍጥነት 20 ሊትር በ33 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ይዘገያል ብለው እንዳያፋጥኑት፤ ብሩ ከብረቱ ጋር ለመገናኘት ጊዜ ይፈልጋል። ቱቦው በቆሻሻ ስለሚደፈን ጠዋትና ማታ ፍጥነቱን እንደገና ይለኩ።

6. በየሳምንቱ ይፈትኑ። ከመጀመሪያው ባልዲ መውጫ ጥቂት ፈሳሽ ይቅዱና የብር መለኪያ ወረቀቱን ነክረው ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር ያስተያዩ። ወረቀቱ ከጠፋ በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለ የመዳብ ሽቦ ለ5 ደቂቃ ይንከሩ፤ ሽቦው ላይ ነጣ ያለ ግራጫ ሽፋን ከታየ ብር አለ ማለት ነው። ሁለቱም ዘዴዎች የሚያሳዩት ብዙ ብር ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ በየሦስት ወሩ ከሁለተኛው ባልዲ መውጫ ናሙና ወስደው አቶሚክ አብዞርፕሽን (ጥቂት ብርን እንኳ የሚለካ መሣሪያ) ወዳለው ላቦራቶሪ ይላኩ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ፈሳሽ በብር ምክንያት አደገኛ ቆሻሻ የሚባለው በሊትር 5 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው፤ እኔም ከዚያ በታች ካልሆነ አታሳልፉ እላለሁ።

ከመጀመሪያው ባልዲ ብር መውጣት ሲጀምር ሁለተኛው ሥራውን ይቀጥላል፤ ሁለት ባልዲ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ያንሡ፣ ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ቦታ ያምጡ፣ በሁለተኛው ቦታ አዲስ ያስገቡ።

ሰልፋይድ ጠብ አድርጎ ጥቁር ቀለም በማየት ብርን የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። በብረት ባልዲ ያለፈ ፈሳሽ ላይ ይህ ፈተና አይሠራም፤ የተሟሟው ብረትም ያጠቁረዋልና።

7. ዝቃጩን ያውጡ። የተነሣውን ባልዲ ፈሳሽ ወደ አዲሱ ባልዲ ያዛውሩ። የቀረውን ጥቁር ዝቃጭና የብረት ትርፍራፊ በጨርቅ አጥልለው በፕላስቲክ ትሪ ላይ፣ ከተቀጣጣይ ነገር ርቆ፣ ያድርቁት፤ ሲደርቅ ሊግል ይችላል። ከደረቀ በኋላ በታሸገ ዕቃ ውስጥ መዝነው፣ በንብረት ክፍል አስመዝግበው ብር ለሚያጣራ ድርጅት በደረሰኝ ያስተላልፉ። ክብደቱ እንዳያታልልዎ፤ አብዛኛው ዝገት ነው። በሊትር 4 ግራም ብር ካለው 20 ሊትር ፊክሰር የሚጠበቀው 80 ግራም ብር ነው። ለብር ሠሪ ሰጥቶ በከሰል ማቅለጥ ግን ክልክል ይሁን፤ ከዝቃጩ የሚወጣው የሰልፈር ጭስ ሠሪውን ይጎዳል።

ብሩ የወጣለት ፊክሰርም ገና ንጹሕ ውሃ አይደለም። አሞኒየምና ታዮሰልፌት የሞላበት ስለሆነ ወንዝ ውስጥ ቢገባ ኦክስጅኑን ያሟጥጣል። ወደ ደረጃ 11 ማትነኛ ይሂድ።

8. ዴቨሎፐሩን ያርግቡ። ሰፊ አፍ ባለው በርሜል ውስጥ በወንፊት ከድነው አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ በየቀኑ በእንጨት ያማስሉት። አየር ሃይድሮኪኖኑን ስለሚያቃጥለው ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል። ከዚያ አቼቶ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ፒኤቹን ወደ 8 ያውርዱ። ከ7 በታች አያውርዱት፤ በውስጡ ያለው ሰልፋይት የሚያፍን ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። ይህም ወደ ማትነኛው ይሄዳል፤ የሚገባው ግን ለእሱ ወደተለየው ክፍል ነው።

9. ትርፍ ኮንትራስት በማጠቢያ ገንዳ አይድፉ። ለታካሚው ከታዘዘው መጠን ጋር የሚቀራረበውን ጠርሙስ ይምረጡ፤ 60 ሚሊ ሊትር ለሚያስፈልገው ሰው የ100ው ተከፍቶ 40ው የሚደፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በስሪንጅና በቱቦ የቀረውን «ትርፍ ኮንትራስት» ወደሚለው ዕቃ ያንጠፍጥፉ። ከሁሉም ቀላሉ፣ ወጪ የሌለውም ሥራ ይህ ነው፤ ዛሬውኑ ይጀምሩት። ለኤክስሬይ ምርመራ የሚጠጣው ባሪየም የነበረበት ኩባያ ደግሞ በወረቀት ተጠርጎ ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ ይጣል፤ ባሪየም ሰልፌት በውሃ ስለማይሟሟ በቱቦው ጉልበት ላይ ተከማችቶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል።

10. የታካሚውን ሽንት ይሰብስቡ። ጠቅላላው ሥራ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ።

ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ከኮንትራስቱ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ታካሚውን 24 ሰዓት ማቆየት ባይችሉም ሁለትና ሦስት ሰዓት ካቆዩት አብዛኛውን ያገኛሉ። ለአለርጂ ክትትል ለጥቂት ጊዜ መቆየቱ አይቀርም፤ ከሩቅ፣ ከደላንታ ወይም ከወግዲ የመጣ ሰውም ውጤቱንና መኪናውን መጠበቁ ስለማይቀር፣ የሚጎድለው የሚቀመጥበት ቦታና የሚጠጣው ውሃ ነው። ሐኪሙ ካልከለከለ ውሃ ያጠጡት፤ ለኩላሊቱም ይጠቅመዋል።

ታካሚው ከመመርመሪያው ጠረጴዛ ሲነሣ በክብር ያስረዱት። እኔ የምለው ይህን ነው፦ «አባባ፣ አሁን የተሰጠዎት መድኃኒት ሳይለወጥ በሽንትዎ ይወጣል። ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ ብለን ነው፤ ሽንትዎ ሲመጣ በዚህ ዕቃ ይሽኑልንና ከድነው እዚሁ ያስቀምጡልን።» ለእናቶችም «እማማ» ብላ የምታስረዳ ሴት ባለሙያ ትመደብ። ምክንያቱ ተነግሮት እንቢ ያለ ታካሚ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ሳይነገረው ዕቃ የተሰጠው ግን ለምርመራ መስሎት ጥቂት ጠብታ ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል።

ለዚህ የተለየ አንድ መጸዳጃ ክፍል ይመድቡ። በወሎ ብዙ ሰው ከሸና በኋላ በውሃ የሚታጠብ መሆኑን አስቀድመው ያስቡበት፤ ለሙስሊም ታካሚ ይህ የሃይማኖት ግዴታው ነው። ሽንቱ በዕቃ ተወስዶ ካበቃ በኋላ የሚታጠብበት ቦታ በዚያው ክፍል ጎን ይኑር፤ ውሃ የሞላ ሃይላንድም አይጥፋበት። የመታጠቢያው ውሃ ወደ መደበኛው ፍሳሽ ይሂድ። ከሽንቱ ጋር ከተቀላቀለ መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምርና ማትነኛው አይችለውም።

ተኝተው የሚታከሙትና የሽንት ቱቦ ያለባቸው ከሁሉም ይቀላሉ፤ ከረጢታቸው ለ24 ሰዓት ወደ «የኮንትራስት ሽንት» ጀሪካን ይገልበጥ። ይህ እንዲሆን የሲቲ ክፍሉ ኮንትራስት የተሰጠበትን ሰዓት በታካሚው ካርድ ላይ ጽፎ ለዋርዱ ነርስ ያሳውቅ። ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ ቀስ ብሎ ስለሚያስወጣው ለእሱ 48 ሰዓት ያድርጉት።

በሽንቱ ላይ በረኪና አይጨመር። ክሎሪን አንዳንዶቹን ኮንትራስቶች፣ በተለይ አዮፓሚዶልን፣ ከራሳቸው የከፉ አዮዲን ያዘሉ ውሁዶች ያደርጋቸዋል። ሽታ ለመቀነስ ክዳን መግጠም ይበቃል።

11. ማትነኛውን ይሥሩ። ኮንትራስትም ሆነ የፊልም ኬሚካሎቹ ጨዎች ከውሃው ጋር አይተኑም፤ ውሃው ሲሄድ እነሱ ከታች ይቀራሉ። ማትነኛው ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወለሉና ግድግዳው ኮንክሪት፣ በላዩ ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ገንዳ ነው። በግድግዳ ለሦስት ይከፈል፦ አንዱ ብሩ ለወጣለት ፊክሰር፣ አንዱ ለዴቨሎፐር፣ አንዱ ለሽንት። ፊክሰርና ዴቨሎፐር እዚህም ቢገናኙ አሞኒያ ያወጣሉ።

ስፋቱን በግምት አይወስኑ። ሊሠራ በታሰበበት ቦታ፣ በጣራ ሥር፣ ውሃ የሞላ ሳፋ ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው በየቀኑ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጎድል በማስመሪያ ይለኩ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲጎድል 1 ሊትር ተነነ ማለት ነው። ለምሳሌ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢጎድልና በቀን 10 ሊትር ሽንት ቢሰበሰብ 2.5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ጨው የበዛበት ፈሳሽ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚተን ግማሽ ይጨምሩበትና 4 ካሬ ሜትር ያድርጉት። የኮምቦልቻን ልኬት ለደሴ አይውሰዱ፤ ደሴ ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርድና ጉም የሚበዛባት ስለሆነች ሰፋ ያለ ገንዳ ትፈልጋለች።

ጣራው ብርሃን በሚያሳልፍ ቆርቆሮ ይሠራ፤ ጎኖቹ ነፋስ እንዲያገባ ክፍት ሆነው በወንፊት ሽቦ ይታጠሩ። ዝናብ በነፋስ ታግዞ በጎን እንዳይገባ ጣራው ከገንዳው በየአቅጣጫው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይለፍ። በወሎ በልግም ስለሚዘንብ ጣራውን ለክረምት ብቻ ብላችሁ እንዳታዘገዩት። ግንባታው በጥቅምት ቢጀመር ሲሚንቶውም ይደርቃል፣ የበጋው ፀሐይም አያመልጥም። ሐምሌና ነሐሴ ትነቱ ስለሚደክም የሁለት ወር ክምችት የሚይዝ በርሜል ያዘጋጁ፤ በቀን 10 ሊትር ከሆነ 600 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። ቦታው ከጉድጓድ ውሃ፣ ከወራጅና ከታካሚ ክፍል የራቀ ይሁን፤ ሽታው አይቀርምና።

12. የቀረውን ያሽጉ። በሽንቱ ክፍል የደረቀውን ቅሪት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ በፕላስቲክ አካፋ ይፋቁት። ለመድኃኒት ቆሻሻ በሚሠራበት ልክ፣ በክብደት 65 እጅ ቅሪት፣ 15 እጅ ኖራ፣ 15 እጅ ሲሚንቶና 5 እጅ ውሃ አቡክተው በበርሜል ውስጥ ያድርቁት። ኖራው የሽንቱን አሞኒያ ስለሚያስለቅቅ ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፤ ነፋሱንም በጀርባዎ ያድርጉት። ትርፍ ኮንትራስቱን በዚሁ ሊጥ ውስጥ በውሃው ፋንታ ይጨምሩት። የፊክሰሩና የዴቨሎፐሩ ቅሪት ግን ከኖራና ከሲሚንቶ ጋር አይቡካ፤ ደርቆ በታሸገ የፕላስቲክ በርሜል፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

በአሸዋ፣ በሽፈራው ዘር ወይም በቤት ከሰል ማጣራት። ሦስቱም ድፍርስን ይይዙ ይሆናል እንጂ የተሟሟ ኮንትራስትን አይዙም። ለሥራው ተብሎ የተዘጋጀ አክቲቬትድ ካርበን ጥቂት ይይዛል፤ ነገር ግን ሽንት ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ቦታውን ቶሎ ስለሚሞላበት ወጪውን አይመልስም። ማፍላትም እንዲሁ ውሃውን ብቻ ይወስዳል።

በውሃ አቅጥኖ መልቀቅ። የኬሚካሉ ክብደት ምንም አይቀንስም፤ ይልቁንም በኋላ መያዝ የማይቻል ያደርገዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚከለክለውም አካባቢን መበከልን ነው፤ ማቅጠን ከብክለት አያወጣም።

የስቲል ዉሉን ባልዲ «ገና አልሞላም» ብሎ ያለ ፈተና ማቆየት። ብረቱ ከውጭ ሙሉ መስሎ ከውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ካለቀ ብሩ ሳይያዝ እያለፈ ማንም አያውቅም። የፈተናው ቀንና ውጤት የሚጻፍበት ደብተር በባልዲው አጠገብ ተሰቅሎ፣ ፈታኙ በየሳምንቱ ይፈርምበት።

ሥራውን ለአንድ ሰው ብቻ መተው። ያ ሰው ዓመት ፈቃድ በወጣበት ወር ፊክሰሩ እንደ ቀድሞው ወደ ገንዳው ሲደፋ አይቻለሁ። ቢያንስ ሁለት የራዲዮሎጂ ባለሙያዎችና አንድ የጽዳት ሠራተኛ ከደረጃ 1 እስከ 12 ያለውን በእጃቸው ሠርተው ይልመዱት፤ የምሽት ተረኛውም ታካሚው የሸናበት ዕቃ ሲሞላ የትኛው ጀሪካን ውስጥ እንደሚገለበጥ ቆሞ ይመልከት።